ዝቅ ያለው መስኮት

«ለሥራ አዲስ አበባ ሂጂ» ስባል ፊቴ ይጠቁራል። ናዝሬት ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ የለመድኩት ሜዳና ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ግን ገና ከመኪና ሳልወርድ ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ይገባል። ያውም ጉለሌ። ያውም ቀጨኔ፣ እንጦጦ ሥር። ሙሐዲን ግን መቼ ሰምቶኝ ያውቃል።

ሙሐዲን የአልሙኒየም በርና መስኮት የምንሠራበት ቤት ባለቤት ነው። አብሮ አደጌ ስለሆነ አለቃዬም ቢሆን አልፈራውም። የእኔ ሥራ ልኬት መውሰድ ነው። ልኬቱን ናዝሬት ይዤ እመለሳለሁ፣ ፍሬሙ ይቆረጣል፣ መስታወቱ ይገባል፣ ከዚያ ሄደን እንገጥማለን። አይዳ ለካች ከተባለ ማንም ደግሞ አይለካም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመኩራራት ነው።

«አዲሳለም የሚባል ወዳጄ ነው፤ ሥራው የወላጆቹ ቤት ነው» አለኝ ሙሐዲን። «ፎቁ ላይ ያሉት የእንጨት መስኮቶች ይነሱና አልሙኒየም ይግባ ብሏል። ለመስቀል መድረስ አለበት።»

«ለመስቀል ምን አስቸኮለው?»

«እኔ ምን አውቄ። ሂጂና አባትየውን ጠይቂያቸው።»

ሄድኩ። ጳጉሜ ነበር፤ ሰማዩ አንዴ ይዘንባል አንዴ ይተወዋል። ጋሽ ኃይለ መለኮት፣ የአዲሳለም አባት፣ አስፋልቱ ዳር ጃንጥላ ዘርግተው ቆመው ጠበቁኝ። ማተሚያ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ረዘም ከሳ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ዳገቱን ስንወጣ እኔ ቁና ቁና ስተነፍስ እሳቸው ያወራሉ። እንዲህ ያለ ዳገት ላይ ሰው ለምን ቤት ይሠራል እያልኩ በሆዴ ስራገም ነበር፤ በሆዴም ብቻ አይደለም፣ ትንሽ ሳይሰሙኝ አልቀሩም።

ቤቱ ከታች ድንጋይ፣ ከላይ ጭቃ ነው። አንድ ፎቅ፣ በውጭ በኩል የሚወጣ የእንጨት ደረጃ፣ ወደ መንገዱ የሚያዩ አምስት መስኮቶች። ያኔ ያየሁት ይህን ብቻ ነው። አሮጌ ቤት፣ አሮጌ እንጨት፣ በቃ።

«ባለቤቴን ብርዱ አስመረራት» አሉኝ፣ ሻይ እየቀዱልኝ። «ደረቷን ያማታል። ነፋሱ በእንጨቱ ስንጥቅ እየገባ ሌሊቱን ሲያፏጭ ያድራል። ‹ይሄን ብርድ ሳትዘጉልኝ አልመጣም› ብላ ልጃችን ጋ አያት ኮንዶሚኒየም ገባች። ክረምቱን ሙሉ እዚያው ናት።»

«እርስዎስ ለምን አብረው አልሄዱም?»

«ቤቱን ለማን ልተወው?» አሉና ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። ምድጃው ላይ ያረረ ሽሮ የያዘ ድስት አየሁ። ማረሩ የዛሬ ብቻ አይመስልም ነበር። «ጌጤ ከሄደች ምግብ አልሆነልኝም» አሉ፣ ዓይኔ የት እንዳረፈ አይተው። «መስኮቱ ካለቀ ለመስቀል እመጣለሁ ብላለች። ልጄ፣ አደራ።»

አንጀቴን በሉት። እሺ አልኩና ሜትሬን አወጣሁ። ደረጃው አናት ላይ ያለውን የመጀመሪያውን መስኮት ለካሁ፤ ወርዱን፣ ቁመቱን። ጻፍኩ። ከጎኑ «በአምስት» ብዬ ጨመርኩና ሜትሬን ጠቀለልኩ።

«ሌሎቹንስ አትለኪም?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ያው ናቸው።»

እንዲህ ያልኩት ሰነፍ ስለሆንኩ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ የለካሁት ኮንዶሚኒየም ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ አንዱን ከለካሽ ሕንፃውን ሙሉ ለካሽ ማለት ነው፤ ሁሉንም ልለካ የሚል ሰው ሥራ አያውቅም ይባላል። እጄ የለመደውን አደረገ።

በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ፍሬሞቹን በአይሱዙ ጭነን መጣን። አብሮኝ የመጣው ፈሀድ ነው፣ ገጣሚያችን። ጥሩ ባለሙያ ነው፤ ችግሩ ሰው ሲናደድ ማየት ያስቀዋል። አይሱዙው ዳገቱን መውጣት ስላልቻለ ፍሬሞቹን አንድ በአንድ በትከሻችን ተሸክመን ወጣን። ሾፌሩ አራግፎ ተመለሰ። ጋሽ ኃይለ መለኮት ደስ ብሏቸው ከላይ ታች ይላሉ፤ ለሚስታቸው በጠዋቱ ደውለው «ዛሬ ያልቃል» ብለዋቸዋል።

የመጀመሪያውን መስኮት እንጨት ፈታንና አልሙኒየሙን አስገባን። ልክክ አለ። ፈሀድን በኩራት አየሁት። ሁለተኛው ላይ ፍሬሙ አልገባ አለ። ወርዱም ቁመቱም ተረፈው። «አዙረህ ሞክረው» አልኩ። አዞረው፣ አልገባም። ሦስተኛው ላይ የበለጠ ተረፈ፤ አራተኛው ከዚያም የባሰ። አምስተኛው፣ ዳር ላይ ያለው፣ ጭራሽ ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ። ወርዱ ከሁሉም ጠበብ ያለ ነው፤ አናቱ ከሌሎቹ ጋር እኩል ነው፣ እግሩ ግን ወርዶ ጉልበቴ ጋ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው።

«አይዳ ከለካች ማንም ደግሞ አይለካም» አለ ፈሀድ ጣሪያውን እያየ።

«ዝም በል።»

«እኔ ምን አልኩ?»

ቆሽቴ አረረ። ውሃ ልኬን አውጥቼ አንዱን የመስኮት ደፍ ስለካ ሌላው ላይ ስዘል፣ አንዱም ከአንዱ ጋር አልገጠመ አለኝ። «ቤቱ ነው ጠማማ» አልኩ ጮክ ብዬ። «ይህን የሠራው ሰው ሜትር አልነበረውም እንዴ?»

«አማቴ ነው የሠራው» አሉ ጋሽ ኃይለ መለኮት በቀስታ። «የጌጤ አባት፣ ቶለሳ። አናጢ ነበር።»

አፌን ያዝኩ። ግን ምን ዋጋ አለው፤ ከአፌ ወጥቷል።

ሙሐዲን ስልክ ላይ ጮኸብኝ። እኔም ጮኽኩበት። በመጨረሻ እንዲህ ብሎ ዘጋው፦ «ፍሬሞቹ ተሠርተዋል፤ ቤቱን ለፍሬሞቹ አስተካክዪው። ግንበኛ ፈልጊ። የሚሰፋውን ያስፋው፣ የዳሩን ደግሞ ከሥር በብሎኬት ይሙላው። ጭቃ ነው እኮ፣ ምን ይፈራል?»

ጋሽ ኃይለ መለኮት አጠገቤ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። «እሺ ይሙላው» አሉኝ። «እንዳላችሁ አድርጉት ልጄ። መስኮቱ ለእኔ ምኔ ነው? እኔ ጌጤ ትምጣልኝ እንጂ።» ከዚያ ለልጃቸው ደወሉና ሥራው ትንሽ እንደሚዘገይ፣ ያቺ የዳር መስኮት ጠማማ ሆና ስለተገኘች በብሎኬት እንደምትስተካከል ነገሩት። አዲሳለም ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎት ኖሮ ከወዲያ የሴት ድምፅ «ምን አለ?» ሲል ሰማሁ። ልጁ ነገራቸው። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ምንም አላሉም።

ግንበኛው በማግስቱ ጠዋት እመጣለሁ አለ። እኔና ፈሀድ አዲሱ ገበያ አካባቢ ትንሽ ፔንሲዮን ይዘን አደርን። ጠዋት ግንበኛውን ልቀበለው ዳገቱ ሥር፣ መንገዱ የሚታጠፍበት ጋ ቆምኩ። ሰውየው አልመጣም። እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ እየተንቀጠቀጥኩ፣ ማንን እንደምሳደብ እየመረጥኩ ሳለ ቀና ብዬ ወደ ቤቱ አየሁ።

መስኮቶቹ እኩል ናቸው።

ዓይኔን አሸሁ። ከዳሩ እግር በቀር እኩል ናቸው፤ በአንድ መስመር ላይ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይበልጥ ሳያንስ ተሰልፈዋል። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ሜትሬን ዘርግቼ ፊቴ ላይ ያዝኩ። ደረጃው አናት ያለው፣ የለካሁት ትልቁ፣ ከዚህ በጣም የሚርቀው ነው። እየቀረበ ሲመጣ እያነሰ ይሄዳል። ሩቁ አንሶ እንዳይታይ ሰውየው አስቀድሞ አተለቀው። ዳገቱ መስመሩን እንዳያጣምመው ደፎቹን አንድ በአንድ ከፍ ዝቅ አደረጋቸው። ቶለሳ ቤቱን ለውሃ ልክ አልሠራውም፤ ከሥራ ደክሞት፣ ከቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ፣ ከገበያ ተሸክሞ ይህን ዳገት ለሚወጣ ሰው ነው የሠራው። እኔ ደግሞ ፎቁ ላይ ቆሜ ጠማማ ነው ብዬ ሰደብኩት።

አፈርኩ፤ ግን ከማፈሬ ደስ ማለቴ በለጠ። እዚያው ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ፤ እንጨት ተሸክማ የምታልፍ ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝ።

ከዚያ ነገር መጣ፤ ዓይኔ አልዘጋ አለኝ። ጠዋት ያለፍኩበትን መንገድ እንደገና ሄድኩበት። የቆርቆሮው ክፈፍ ሥር የተቀረጸ እንጨት አለ፤ የነጠላ ጥለት ይመስላል፣ ቤት ሁሉ የየራሱ አለው። የአንዱ ቤት በረንዳ ምሰሶዎች ከአንድ ጥድ ተፈልጠው መሆን አለበት፣ ጉጣቸው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ነው። አንዱ ቤት ጣሪያው ላይ ሌላ ትንሽ ጣሪያ ጭኗል፣ መስታወት ያለው፤ ከሥሩ ላለው ክፍል ብርሃን የሚያወርድ። አንዱ ደጃፍ ላይ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው ያለው፣ ግን ድንጋዮቹ እንዴት እንደተያያዙ ሲያዩት ምላጭ አያስገቡም። ግማሹ ቀለሙ ለቋል፤ ግማሹ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። አንዲት ሴት ሰገነት ላይ የተደገፈችው መከታ በእጅ የተቀረጸ ድንቅ እንጨት መሆኑን እያወቀች ይሁን ሳታውቅ እንጃ፣ ሽንኩርት ትልጥበታለች።

እስከ ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። ሸማኔዎቹ ቤት ደጃፍ ላይ ጥበብ ተዘርግቷል፤ እኔ ግን ጥበቡን ትቼ ከላይ ያለውን ክፈፍ ነበር የማየው። አንዱ ሻጭ «እህት፣ ዕቃው እዚህ ታች ነው» አለኝ። አስቆኝ አለፍኩ። ስንት ዓመት አዲስ አበባ እየመጣሁ፣ ያየሁት መስኮት ብቻ ነው፤ እሱንም ስፋቱን እንጂ መልኩን አይደለም።

ስመለስ ግንበኛው ደርሷል። ታች ግቢው ውስጥ ሲሚንቶ እያቦካ ነው። ብሎኬቶቹ ደረጃው ሥር ተደርድረዋል።

«አራቱን መስኮቶች አንነካም» አልኩ ለጋሽ ኃይለ መለኮት። «ፍሬሞቹን ነው የምናሳንሰው። የለካሁት ትልቁን ስለሆነ ሌላው ሁሉ ከሱ ይወጣል። አልሙኒየሙን በውስጥ በኩል እናደርገውና እንጨቱ በውጭ እንደነበረ ይቀመጣል። ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ሁለቱንም ይችላል።»

«ብርዱስ?»

«ብርዱ በመስታወቱ ይታገዳል። ከውጭ ያለው ሳይነካ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቶሎ እስካለቀ ድረስ ለእሳቸው ሁሉም አንድ ነው። «የዳሩስ?» አሉ።

እውነቱን ልናገር፣ የዳሩን ልሙላው ነበር። ከታች ሳየው አናቱ መስመር ውስጥ ነው፤ እግሩ ብቻ ነው የተዘረገፈው። እሱን ቶለሳ ለምን እንዳደረገው ምንም ምክንያት አላገኘሁለትም። «ለምን ዝቅ አለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እኔ ጌጤን አግብቼ ስገባም እንዲሁ ነበር። እንጨት አጥሮት ይሆናል እንል ነበር።»

ግንበኛው ብሎኬት ይዞ ወጣ። አቧራውን ልጥረግለት ብዬ ደፉ ላይ ተንበረከኩ። በጨርቁ ስጠርግ እጄ ተንሸራተተ። የሌሎቹ መስኮቶች ደፍ ሻካራ ነው፤ ከዓመት ዓመት ፀሐይና ዝናብ የመታው እንጨት። ይሄኛው ግን ሁለት ቦታ ላይ ጎድጉዶ ለስልሷል፣ ቅቤ የተቀባ ይመስል። ክንዴን አስቀመጥኩበት። ጉድጓዶቹ ለእኔ ክንድ ጠበቡኝ፤ ግን የክንድ ናቸው።

እንደተንበረከኩ ወደ ውጭ አየሁ። ቆመሽ ስታዪ የሚታየው የጎረቤት ቆርቆሮ ነው። ተንበርክከሽ ስታዪ ግን ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ዳገቱ ሙሉ በሙሉ ይታያል፤ ከቤቱ ደጃፍ እስከ ታች መታጠፊያው፣ ከሱ ወዲያ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ። የሚወጣውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ታያለሽ።

«እህቴ፣ ተነሺልኝ፤ ሲሚንቶው ሊደርቅብኝ ነው» አለ ግንበኛው።

«አይሞላም» አልኩ።

ጋሽ ኃይለ መለኮት በሩ ላይ ቆመዋል። «ልጄ፣ እባክሽ» አሉኝ። «ለመስቀል የቀረው ምንም አይደለም። ይሄን ሙዪውና ይለቅ።»

«ጋሼ፣ አንድ ሰው እዚህ ብዙ ተቀምጧል። ማን እንደሆነ አላውቅም። ግን ቶለሳ እንጨት አጥሮት አይደለም።»

«በዚህ ምክንያት ካልደረሰና ጌጤ ብትቀርስ?»

ሰውየው ክረምቱን ሙሉ ያረረ ሽሮ በልተው ነው የሚጠብቁት። እኔ ደግሞ ስለ አንድ ደፍ እከራከራቸዋለሁ። «ካልደረሰ በእኔ ነው» አልኳቸው። «ራሴ አያት ድረስ ሄጄ ለምኜ አመጣቸዋለሁ።» ግንበኛው ሲሚንቶውን ታች የፈረሰ አጥር ላይ ለጠፈበት፤ የድካሙን ወስዶ እያጉረመረመ ሄደ።

ለሙሐዲን ደወልኩለት። «መስኮት ሁሉ የየራሱ ልኬት ነው ያልሽኝ?» አለ።

«የየራሱ። አሁን አምስቱንም ለክቼ ነው የምነግርህ።»

«በውስጥ በኩል። እንጨቱ ሳይነሳ። ታዲያ ማን ያየዋል ሥራችንን?»

«ማንም።»

«አብደሻል» አለኝ። ግን ከትንሽ በኋላ ድምፁ ለሰለሰ። «አዲሱ ገበያ አንድ የማውቀው አልሙኒየም ቤት አለ፤ ማሽኑን ይሰጥሻል። የምታበላሺውን አንቺው ትችያለሽ።» አብሮ አደግ ጥሩ ነው።

ፈሀድን ወደ ቤቱ ልሂድ ከሚለው አስቀርቼ በማሽኑ አጠገብ አስቆምኩት። ፍሬሞቹን ፈታን፣ ቆረጥን፣ እንደገና ገጠምን። የዳሩ ፍሬም ቁመቱ ስላጠረ ከሌሎቹ በተረፈው ቁራጭ ቀጠልነው፤ መገጣጠሚያው ስለተደበቀ አይታይም። ፈሀድ ሲጀምር ያሾፍብኝ ነበር፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ራሱ ቀድሞኝ ዳገቱ ሥር ወርዶ በአንድ ዓይኑ ሲያይ አገኘሁት። የመጀመሪያውን መስኮት የነቀልነውን እንጨትም በቦታው መለስነው፤ ማጠፊያውን ብቻ ዘይት ቀባሁት።

የደመራ ዕለት ጠዋት የመጨረሻውን ማሸጊያ ሲልከን ቀባን። ቤቱ ውስጥ ሆነን መስታወቱን ስንዘጋው ነፋሱ ጭጭ አለ። ጋሽ ኃይለ መለኮት ተላጭተው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ አንዴ መስኮት አንዴ ደረጃ ይላሉ። እኔና ፈሀድ ዕቃችንን እየሰበሰብን ሳለ የአዲሳለም መኪና ታች አስፋልቱ ጋ ስትቆም ታየች።

እማማ ጌጤ የልጃቸውን ክንድ ይዘው ዳገቱን መውጣት ጀመሩ። ትንሽ ናቸው፣ ጀርባቸው ጎበጥ ያለ፤ ነጠላቸው እየተንሸራተተ ያስቸግራቸዋል። ጋሽ ኃይለ መለኮት ከመስኮቱ ሲያዩአቸው ቆይተው፣ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ሻንጣ አልያዘችም» አሉ።

እውነት ነው። እናትም ልጅም ምንም አልያዙም። ክረምቱን ሙሉ ሰው ቤት የከረመ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ሻንጣ ይይዛል። እሳቸው ኮታቸውን ቆልፈው ደረጃው አናት ላይ ሄደው ቆሙ።

«ከሳህ» አሏቸው እማማ ጌጤ፣ ሲስሟቸው። ወደ ውስጥ ገቡ። የመጀመሪያውን መስታወት ከፈቱ፣ ከወዲያው ያለውን እንጨት በእጃቸው ዳሰሱ፣ ዘጉ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። እኔን አላዩኝም፣ ልጃቸውንም አላዩትም። እየዳሰሱ እየዳሰሱ ዳር ደረሱ፤ እዚያ ቆሙ።

ከዚያ ግድግዳው ሥር የነበረውን የእንጨት ዱካ በእግራቸው ሳብ አድርገው ተቀመጡበት። ክንዶቻቸውን ደፉ ላይ አሳረፉ። ሁለቱ ጉድጓዶች ልክክ ብለው ተቀበሏቸው፤ ዕድሜ ክንዳቸውን ማክሳቱ ለካ እዚህ ይጠቅማቸው ኖሯል።

«እዚህ ብሎኬት የማገኝ መስሎኝ ነበር» አሉ ጀርባቸውን እንደሰጡን።

በጣታቸው ጉድጓዶቹን ዳሰሱ።

«አባቴ ይሄን ቤት ሲሠራ እኔ እዚህ ድረስ ነበርኩ» ብለው መዳፋቸውን ከወለሉ ትንሽ ከፍ አደረጉ። «መስኮቶቹን ሁሉ ገጥሞ ሲጨርስ ብንጠራራ ብንጠራራ ምንም አልታይ አለኝ፤ አለቀስኩ። አባዬ ምንም አላለኝም። በማግስቱ መጋዙን ይዞ መጣና መርጎ የጨረሰውን ግድግዳ አፍርሶ ይሄን ቆረጠልኝ። ‹በይ እዚህ ሆነሽ ጠብቂኝ› አለኝ። ከሥራ ሲመጣ ያንን ዳገት ሲወጣ ከዚህ ነበር የማየው። ምንም ቢደክመው፣ እዚህ መሆኔን ስለሚያውቅ ከመታጠፊያው ጀምሮ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ይወጣ ነበር።»

ጋሽ ኃይለ መለኮት ከኋላቸው ቆመዋል። «ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር አልነገርሽኝም» አሉ።

«አንተም አልጠየቅከኝም።»

«አሁንስ? ይሞላ ሲባል ሰምተሽ ለምን ዝም አልሽ?»

እማማ ጌጤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ብርድ ብርድ ብዬ ያስመረርኳችሁ እኔ። ልጄ በላቡ ላሠራልሽ ሲል ደግሞ ያቺን አትንኩብኝ ልበል? ይሉኝታ ያዘኝ። መስቀልን አክብሬ ወደ አያት ልመለስ ነበር ሐሳቤ። ሙሉ ግድግዳ እያየሁ እዚህ መቀመጥ አልችልም።»

አዲሳለም ወንበር ላይ ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል። እኔ የሲልከን ቱቦውን በጨርቅ እጠርጋለሁ፤ ከጠራ ቆይቷል።

«እና አሁንም ወደዚያው ትመለሻለሽ?» አሉ ጋሽ ኃይለ መለኮት።

እማማ ጌጤ መልሰው ወደ ውጭ አዩ። «ሻንጣዬ መኪናው ኋላ ነው» አሉ። «ምናልባት ብዬ ይዤው ነበር።»

አዲሳለም ሊነሳ ሲል አባቱ ደረቱ ላይ እጃቸውን ዘረጉ። «ተቀመጥ። እኔ አመጣዋለሁ።»

«አባዬ፣ ከባድ ነው እኮ።»

እሳቸው ግን ደረጃውን መውረድ ጀምረዋል።

እኔና ፈሀድ ተሰናብተን ትራፓኖውንና መሰላሉን ተሸክመን ወጣን። ዳገቱን ስወርድ የመስከረም ፀሐይ ጀርባዬን እያሞቀኝ ነበር፤ የቀጨኔ ብርድ ራሱ ደህና ነው አልኩ። ከመታጠፊያው ትንሽ ከፍ ብሎ ጋሽ ኃይለ መለኮትን አገኘኋቸው። ሻንጣው ትልቅ ነው፣ መሬት እየነካ ያስቸግራቸዋል፤ ግንባራቸው በላብ ርሷል። ጀርባቸው ግን ቀጥ ብሏል፤ ይህን ያህል ረዥም መሆናቸውን እስከዚያች ሰዓት ልብ አላልኩም።

መሰላሉን ለፈሀድ ሰጥቼ እጄን ወደ ሻንጣው ሰደድኩ። «ያምጡ ጋሼ፣ ላግዝዎት።»

ሻንጣውን ሳብ አድርገው ወሰዱብኝ።

«ተይኝ ልጄ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ቀና ሳይሉ። «እያየችኝ ነው።»